ንጉሡ የለመኑት መጽሐፍ፤ ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደስታና ጥቅም

የሰው ሀብት ብዙ ዓይነት ነው። ርስት ሀብት ነው፤ ከብት ሀብት ነው፤ ወርቅና ብርም ሀብት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በተካፈሉ ጊዜ ያንሳሉ። አንዱን እርሻ ለአራት ወንድማማቾች ቢያካፍሉት ለያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው ሩቡ ብቻ ነው። አንዱን መጽሐፍ አራት ወንድማማቾች በየተራ ቢያነቡት ግን ለያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው ሙሉው መጽሐፍ ነው እንጂ ሩቡ አይደለም። ስለዚህ ከሀብት ሁሉ በጋራ ለመያዝ እንደ መጽሐፍ የሚመች የለም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተባለውም ነገር የተመሠረተው በዚህ እውነት ላይ ነው።

ወጣቶች ሆይ! ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ ብሎ መምከር ቀላል ነው። ምክር ግን ያለ ታሪክ ሲነገር ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ አስቀድሜ በመቐለና በአካባቢዋ የተፈጸመውን እነግራችኋለሁ፤ ምክሩም ከታሪኩ በኋላ ይመጣል።

በቀድሞው ዘመን መጽሐፍ ማግኘት እጅግ ከባድ ነገር ነበር። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይፋቅና ይወጠር ነበር፤ ቀለሙም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ነገር እየተቀመመ ይዘጋጅ ነበር፤ ጸሐፊውም ብዙ ወራት ጎንበስ ብሎ በመቃ ብርዕ ይጽፍ ነበር። ከተጻፈም በኋላ በእንጨት ገበታና በቆዳ ይደጎስና በማኅደር ሆኖ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ውጉዝ ይሁን የሚል ማስጠንቀቂያም በብዙ መጻሕፍት ላይ ይጻፍ ነበር። ይህን ያህል የተጠነቀቁት ድካሙን ስለሚያውቁት ነው።

ትግራይ በእንዲህ ያለው ሀብት የታወቀች ምድር ናት። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በራዲዮካርቦን ተመርምሮ ከ330 እስከ 650 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ ውስጥ (በአውሮጳ አቆጣጠር) የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ይህም በሥዕል ካጌጡት የዓለም ወንጌሎች መካከል እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ውስጥ ያስቈጥራቸዋል። በጉንዳ ጉንዶም ገዳም ብዙ የብራና መጻሕፍት ሲጠበቁ ኖረዋል። ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ሰሎሞን የሚናገረውን ክብረ ነገሥትን በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ የመለሰው ሰው የአክሱም ንቡረ እድ ይስሐቅ መሆኑ በመጽሐፉ መጨረሻ ተጽፎ ይገኛል። ይህን መጽሐፍ በልባችሁ ያዙት፤ ታሪካችን ወደ እርሱ ይመለሳልና።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ከነዚህም የሚበዙት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር 1868) በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሞቱ፤ በአምባውም የነበረው ሀብት ተዘረፈ። ዘውዱና ጽዋው፣ መስቀሉና መጽሐፉ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ በደላንታም ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ።

የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ክሌመንትስ ማርክሃም እንደሚነግረን፣ ወደ 900 የሚያህሉ መጻሕፍት ከመቅደላ እስከ ጨለቆት ድረስ ተወሰዱ። ጨለቆት ከመቐለ በስተ ደቡብ የጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በዚያ 600 ያህሉ ለደብሩ ካህናት ተሰጡ፤ የቀሩት ግን ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ አገር ገቡ። እንግዲህ የንጉሥ ቤተ መጻሕፍት በመቐለ አጠገብ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። የሚበዛው ክፍል በአገሩ ቀረ፤ የቀረውም በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጠ። ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል።

በዚያ ጊዜ የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር በአገራቸው ሲያልፍ ስላልተቃወሙት፣ ጦሩም ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። በዚህም መሣሪያ በ1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን በአድዋ አጠገብ ድል አደረጉ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር 1872) ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው በአክሱም ነገሡ። ኋላም መቐለን መናገሻቸው አድርገው፣ በ1870ዎቹ ዓመታት ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ቤተ መንግሥት ጃኮሞ ናሬቲ በተባለ ኢጣልያዊ ባለ ሙያ አሠሩ።

አሁን አስተውሉ። ጠመንጃውን ቀድሞ አግኝተዋል፤ ዘውዱም በራሳቸው ላይ ተደፍቷል። በነገሡበት ዓመት ግን፣ በነሐሴ ወር፣ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያና ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ደብዳቤ ጻፉ። የለመኑትም መድፍ አልነበረም፤ ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕል ይመለስልኝ ብለው ነው። መጽሐፉ የአገሩ ሥርዓት የተጻፈበት ስለ ሆነ ያለ እርሱ ሕዝቡ ትእዛዜን አይቀበልም የሚል ምክንያት አቀረቡ። በጠመንጃ የተገኘ መንግሥት ያለ መጽሐፍ እንደማይጸና ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል የአገራችን ሰው፤ እኒህ ሰው ግን ከደጃዝማችነት አልፈው ከነገሡም በኋላ መጠየቅን አላፈሩም።

ምን መልስ አገኙ? የለንደኑ ሙዚየም ከመቅደላ የመጡ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩትና አንዱን መለሰላቸው። ሥዕሉ ግን አልተገኘም። ያልተገኘበትም ምክንያት ከዘመቻው ጋር የመጣው የሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ ወስዶ በቤቱ ስላስቀመጠው ነው።

ወጣቶች ሆይ! ከዚህ ታሪክ የሚገኘውን ትምህርት እንይ። መጽሐፉና ሥዕሉ የተወሰዱት በአንድ ቀን፣ ከአንድ አምባ ነው። መጽሐፉ ግን በመዝገብ ተጽፎ ብዙ ሰው በሚያውቀው ቤት ስለ ተቀመጠ ተፈልጎ ተገኘ፤ ሥዕሉ በአንድ ሰው ቤት ስለ ተሸሸገ ተፈልጎ ታጣ። የሙዚየሙ አያያዝ ዘረፋውን ትክክል አያደርገውም፤ የሌላውን አገር ሀብት በኃይል ወስዶ በሥርዓት ማስቀመጥ ከበደል አያነጻም። ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ እውነት ያስረዳናል፤ ይኸውም በሕዝብ ዓይን ፊት ያለ ሀብት ጠያቂም ጠባቂም አለው፤ በአንድ ሰው ሣጥን የተቈለፈ ሀብት ግን ሣጥኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል የሚለው ነው።

ይህን እውነት የተረዱ ኢትዮጵያውያን ከዚያ በኋላ ተነሡ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት የሚቈጥር ዝርዝር አሳተሙ። መቍጠር ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ያልተቈጠረ መንጋ ጅብ ቢወስድበት ማን ያውቃል? ከጠላት ወረራም በኋላ በ1936 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር 1944) በአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተቋቋመ፤ ቀድሞ በደብርና በቤተ መንግሥት ብቻ ይገኝ የነበረው መጽሐፍ ለተራው አንባቢ በጠረጴዛ ላይ ቀረበለት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአራት ኪሎ አብርሆት የተባለው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። አንድሩ ካርኔጊ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በ12 ዓመቱ ከድኻ ወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ኋላም የቴሌግራም መልእክት አድራሽ ሆነ። መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። በዚያ ከተማ ግን ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የሚባል ሰው 400 ያህል መጻሕፍቱን በየቅዳሜው ለሠራተኛ ልጆች በነጻ ያውስ ነበር። በኋላ ግን አስተዳዳሪው የእጅ ሥራ የሚማሩ ልጆች ብቻ በነጻ ይዋሱ፤ ሌላው ይክፈል አለ። በዚህን ጊዜ ይህ መልእክተኛ ልጅ ለጋዜጣ ጽፎ ተከራከረ፤ ተፈቀደለትም። ይህ ልጅ አድጎ እጅግ ከበርቴ በሆነ ጊዜ የአንደርሰንን ውለታ አልረሳም፤ በእርሱ ገንዘብ በልዩ ልዩ አገር 2,509 ቤተ መጻሕፍት ተሠሩ። እነሆ፣ ንጉሥም ጽፎ ለመነ፤ መልእክተኛ ልጅም ጽፎ ለመነ። ሁለቱም የለመኑት መጽሐፍ ነው።

ወደ መቐለ ስንመለስ ሌላ ዮሐንስ እናገኛለን። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በነገሌ ቦረና ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ለደስታው ብሎ መጽሐፍ ያነበበው 19 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ተሰድዶ አሜሪካ ከገባም በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሠራተኛ ሆነ። በዚያም የሌላው አገር ሕፃናት በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቶላቸው ሲያይ፣ ለኢትዮጵያ ሕፃናት የሚሆነው ግን እጅግ ጥቂት መሆኑን ተገነዘበ። ስለዚህ ራሱ ጻፈ፤ ከባልንጀሮቹም ጋር ሆኖ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በሐዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ እየተጫነ ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረገ። ከዚያም ወደ መቐለ መጥቶ የሕፃናትና የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። አንደኛው ዮሐንስ ለመንግሥቱ መጽሐፍ ለመነ፤ ሁለተኛው ዮሐንስ ለሕፃናት መጽሐፍ ለመነ።

እንግዲህ ስለ ደስታው እንናገር። የቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው ደስታ ነጻነት ነው። በትምህርት ቤት መምህሩ ያዘዘውን ታነባላችሁ፤ በቤተ መጻሕፍት ግን ልባችሁ የወደደውን ትመርጣላችሁ። ሁለተኛው ደስታ እኩልነት ነው። በዚያ ወንበር ላይ የነጋዴ ልጅና የቀን ሠራተኛ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ መጽሐፉም ለማንኛቸውም ፊቱን አያዞርም። ሦስተኛው ደስታ ጸጥታ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ቤት ተሰብስቦ ሳይናገር ሲቀመጥ የሚገኘው ጸጥታ፣ ብቻውን ከተቀመጠ ሰው ጸጥታ ይበልጣል፤ የአንዱ ትጋት ሌላውን ያተጋዋልና።

ጥቅሙንም በምሳሌ ላስረዳ። በመቐለ ገበያ ከአፋር በረሓ በግመል ተጭኖ የመጣውን አሞሌ ጨው ያየ ልጅ፣ ይህ ጨው ከወዴት መጣ? ብሎ ይጠይቅ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የምድርን አቀማመጥ የሚናገረውን መጽሐፍ ቢገልጥ፣ ያ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ በጥንት ዘመንም የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት በፀሐይ ተንኖ ጨውን ትቶ እንደ ሄደ ያገኛል። የታሪክ መጽሐፍ ቢገልጥ ደግሞ አሞሌ በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ይሠራበት እንደ ነበር ያነባል። አንዲት የጨው ቁራጭ ይዞ የገባ ልጅ ምድርንና ታሪክን አውቆ ይወጣል። ዕውቀት የሚጀምረው በደጃችን ካለው ነገር ነው፤ መጽሐፍም ደጃችንን ያሰፋዋል።

ሌላው ጥቅም ማመዛዘን ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ደራሲው እንደ ነዳው ይነዳል። በቤተ መጻሕፍት ግን አንዱ ከሌላው ጎን ቆሟል። የመቅደላን ነገር ከማርክሃም ያነበበ፣ የአለቃ ወልደ ማርያምንም የቴዎድሮስ ታሪክ ያንብብ። ሁለቱ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ሲመረምር ፍርድ ይማራል። ዳኛ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ አንባቢም እንደዚሁ ነው። ወሬ በሞላበት በዛሬው ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ትጥቅ ለወጣት የለውም።

ይህን ሁሉ ለመቐለ ወጣቶች መንገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ ጦርነቱም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪያበቃ ድረስ ሁለት ዓመት ቆየ። በዚህም ምክንያት ብዙ የትግራይ ልጆች ወደ ሦስት ዓመት የሚሆን ትምህርት አጡ። ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ ከገዳማትና ከአብያተ ክርስቲያናትም የብራና መጻሕፍት መዘረፋቸው ተነገረ። የሞተውን መጽሐፍ አያስነሣውም፤ ሐዘንተኛውንም እናት ልጇን አይተካላትም። የጠፋው የትምህርት ጊዜ ግን በከፊል ሊካስ ይችላል። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ መማር የነበረበትን ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ መማር ያሳፍረው ይሆናል። በቤተ መጻሕፍት ግን ዕድሜህ ስንት ነው? ስንተኛ ክፍል ነህ? የሚል የለም። ልጁ ከሚችለው መጽሐፍ ይጀምራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከበድ ያለውን ያነሣል፤ የተወሰደበትን ዘመን ገጽ በገጽ ያስመልሳል።

መብት ባለበት ግዴታም አለና ይህን ጠብቁ። መጽሐፍ ስትይዙ እጃችሁ ንጹሕ ይሁን፤ በላዩ አትጻፉ፤ ሥዕል ወይም ቅጠል አትቅደዱ። ከአንድ መጽሐፍ አንድ ቅጠል የቀደደ ሰው የሰረቀው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን አንባቢዎች ሁሉ ሰርቋል። የተዋሳችሁትንም በቀኑ መልሱ። ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት ይመለሱ ብለን እንሟገታለን፤ ሙግታችንም እውነት ነው። ነገር ግን የሠፈሩን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በቤቱ ያስቀረ ሰው በምን አፉ ለንደንን ይወቅሳል? የተበደረውን የሚመልስ ሕዝብ የተወሰደበትን ለማስመለስ ድፍረት ይኖረዋል። መጽሐፍ ያላችሁም አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አቧራ ከሚለብስ ለቤተ መጻሕፍት ስጡት፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ቢመጣ መደርደሪያው ይሞላል። ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ሠፈር ያላችሁም ሹማምንቱንና ሽማግሌዎቹን በትሕትና ጠይቁ፤ በደብዳቤም አመልክቱ።

የኢትዮጵያ ንጉሥ አንድ መጽሐፍ ለማግኘት ባሕር ማዶ መልእክት ላኩ፤ ብዙ ወርም ጠበቁ። ከእናንተ የሚፈለገው ግን ጥቂት እርምጃ ተራምዶ መግባት፣ ስምን አስመዝግቦ መቀመጥና መግለጥ ነው። ዛሬ በሩ ሲከፈት ሂዱ፤ የሚያነብ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁም እጃቸውን ይዛችሁ አብራችሁ ግቡ።